መንታ አለው የተባለው ሳህን

አባቴ ሰርግ ቤት ሲሄድ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር የቀረበለትን ሳህን ገልብጦ ቂጡን ማየት ነው። ምግብ ካለበት እስኪጨርስ ይታገሣል፤ ከዚያ አያልፍም። ወደ ብርሃን አዙሮ፣ በጥፍሩ ቀጭ ቀጭ አድርጎ፣ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጠዋል። እናቴ በዚህ የተነሣ አብራው ሰው ቤት መሄድ ካቆመች ቆየች። «ሰው ሰርግ ሄዶ ሙሽራ ያያል እንጂ የሳህን ቂጥ ያያል?» ትላለች። እኔም ለዚህ ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም።

እነሱ መርሳ ነው የሚኖሩት። እኔ ወልድያ ነኝ፣ ሆስፒታል ውስጥ ላቦራቶሪ እሠራለሁ። አባቴ በወጣትነቱ አሰብ ድረስ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ዕቃ እስኪጫንለት ወደቡ ላይ ቀናት ይጠብቅ ስለነበር፣ ከሱቁ ጥላ ሥር ያስቀምጠው የነበረ አንድ የመናዊ ሽማግሌ ይህን በሽታ አጋባበት። ሽማግሌው ነጭ ላይ በሰማያዊ የተሣሉ የድሮ የቻይና ሳህኖች ነበሩት፤ አይሸጣቸውም፣ ያወራላቸዋል። አባቴም መኪናውን አቁሞ ከተመለሰ ወዲህ አይሸጥም፤ ያወራል።

ወሬው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ነው የሚጀምረው። «ሲኒ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?» ይላል፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው። ሰውየው ሲኒ ሲኒ ነው ይላል። «አይደለም! ሲን በዐረብኛ ቻይና ነው። ሲኒ የቻይና ማለት ነው። ሲኒ አምጪ ስትል ቻይናን አምጪልኝ ማለትህ ነው!» ከዚያ በኋላ ማቆሚያ የለውም። ሰማያዊው ቀለም ከፋርስ ምድር ተጭኖ ቻይና ይገባል፤ ቻይናዎቹ ነጩ ላይ ሥለው፣ በእሳት ጠብሰው፣ መልሰው ለዓለም ይሸጡታል፤ በመርከብ የመን፣ ከየመን ዘይላና ታጁራ፣ ከዚያ በግመል ወደኛ። የቱርክ ሱልጣኖች ይበሉበታል፣ የአውሮፓ ነገሥታት ክፍል ሙሉ እየሰበሰቡ ግድግዳ ያለብሱበታል፣ የእኛ ባላባቶችና ትልልቅ ሼሆች ደግሞ ለክብር እንግዳ ብቻ ያወጡታል። አንድ ቀን ከመርሳ አብረን በሚኒባስ ተሳፍረን ለአንድ የጤፍ ነጋዴ ጀመረለት፤ ወልድያ ስንቃረብ ገና ቱርክ አልደረሰም ነበር። ሰውየው መውረጃው ሳይደርስ ለምን እንደወረደ የገባኝ በኋላ ነው።

ከስልሳ በላይ ዕቃ አለው። ያደግሁበት ክፍል አሁን የሳህኖቹ ነው፤ ለበዓል ስሄድ ከእናቴ ጋር ነው የማድረው። ጦርነቱ መርሳ ሲደርስ እናቴ ዱቄትና ልብስ ስትቋጥር፣ እሱ ሳህኖቹን በእናቴ የክት ቀሚሶች እየጠቀለለ የማሽላው ጉድጓድ ውስጥ ይደረድር ነበር። ከሸሸንበት ስንመለስ ቤቱ ባዶ ነበር፤ አልጋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የእናቴ ድስቶች ሁሉ ሄደዋል። ሳህኖቹ ግን አንድም ሳይነካ ወጡ። «አየሽ!» አላት። እናቴ አንድ ሳምንት ሙሉ አላነጋገረችውም። ቀሚሶቹ ሻግተው ነበር።

ከሁሉም የሚበልጥበት አንድ ጎድጓዳ ሳህን ነበረው፤ ከውስጥም ከውጭም ሰማያዊ ሐረግና አበባ የዞረበት። ከሃያ ዓመት በፊት ሐራ ገበያ አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት ቤት አይቶት፣ በግማሽ ደርዘን አዲስ ብርጭቆ ለውጦ ያመጣው ነው። ሴትዮዋ ብርጭቆው ያብለጨልጫል ብላ ደስ ብሏት ነበር ይላል። ሁሉም ሰብሳቢ እንዲህ የሚል ይመስለኛል። ሳህኑን የሰጠ ሁሉ ደስ ብሎት ነው የሰጠው።

ባለፈው ዓመት፣ መርሳ አጠገብ ካለችው ግራና ቅመም ይዛ የምትመጣ አንዲት ነጋዴ ቤታችን ገብታ ያንን ሳህን አየችው። «ውይ! ይሄ የእማማ ሳህን አይደለም እንዴ? እዚህ ማን አመጣው?» አለች። የግራናዋ እማማ ማለቷ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ለዱዓ የሚሰበሰበው እሳቸው ቤት ነው። አባቴ አልጋ ላይ ተኝቶ ከነበረበት ተነሥቶ መጣ።

በማግሥቱ ስልክ ደወለልኝ። «መንታ አለው» አለኝ።

«ማን?»

«ሳህኑ! ግራና መንታ አለው። ማክሰኞ እረፍት ነሽ አይደል?»

እረፍት መሆኔን ማን እንደነገረው ጠየቅሁት። እናቴ ናት። እናቴ እሱን ለአንድ ቀን ከቤት የሚያስወጣላት ነገር ካገኘች እኔን ለመሸጥ አታመነታም።

ማክሰኞ በጠዋት መርሳ ደረስኩ። አባቴ ሳህኑን በነጠላ ጠቅልሎ፣ ጭድ በተሞላ የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ፣ ሳፋውን አቅፎ በር ላይ ቆሞ ነበር። ለምን ሳህኑን እንደምንወስድ ጠየቅሁት፤ በስልኬ ፎቶ ማንሣት እችላለሁ። «መንታን በፎቶ ያስተዋውቃሉ?» አለኝ። በባጃጅ ሄድን። መንገዱ ጠጠር ነው። ባጃጁ በነጠረ ቁጥር አባቴ ይጮኻል፤ ሾፌሩ ልጅም በፍርሃት ፍሬን ይይዛል፤ ፍሬን ሲይዝ የባሰ ይነጥራል። ግራና ስንደርስ ሾፌሩ ወርዶ ውኃ ጠጣ።

እማማ ከሰማንያ የሚያልፉ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው ገና የሚያይ ሴት ናቸው። መደብ ላይ ተቀምጠው ተቀበሉን። ሰላምታው ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀ፤ የከብቱን፣ የዝናቡን፣ የመርሳን ሰው ሁሉ ጠየቁ። አባቴ ሳፋውን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ አልሐምዱሊላህ ይላል። በመጨረሻ ነገሩን አወጣ።

«እማማ፣ አንቱ ቤት የድሮ ሳህን አለ ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«አለ» አሉ።

«አንድ ጊዜ ባየው…»

«ሐሙስ ነው የሚወጣው። ለዱዓ ብርዝ ይቀዳበታል። ከሐሙስ ውጭ አይወጣም።»

ማክሰኞ ነበር። ምሳ አብልተውን መለሱን።

ሐሙስ የሥራ ቀኔ ነው። ከጓደኛዬ ጋር ፈረቃ ተቀያይሬ ሄድኩ። ስንደርስ የእማማ ቤት ተዘግቷል፤ ጎረቤት ሰው ሞቶ ለቅሶ ላይ ናቸው። እንመለስ አልኩ። አባቴ ግን «ለቅሶ መድረስ ሰዋብ፣ የአላህ ምንዳ አለው» ብሎ ሳፋውን እንዳቀፈ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። የሞተውን ሰው ስሙን እንኳ አናውቀውም። ከእማማ ፊት ለፊት ተቀመጠና፣ የሟቹ ወንድም «ከየት ናችሁ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ከመርሳ መሆኑን ነግሮት ካበቃ በኋላ፣ ሲኒ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀው። ለቅሶ ላይ! ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ፣ ሰዎች ለሟቹ የማለቅስ እንዲመስላቸው ጎንበስ ብዬ ቆየሁ። በእርግጥም ልቅሶ መጥቶብኝ ነበር።

በተከታዩ ሐሙስ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ፣ ሳህኑ ወጣ። እማማ ከውስጠኛው ክፍል በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ አመጡት፤ ጨርቁን አነሡ። አባቴም የእሱን ከጭዱ አውጥቶ አጠገቡ አስቀመጠ። እውነቴን ነው፣ እኔም ደነገጥኩ። ያው ሐረግ፣ ያው አበባ፣ ያው ስፋት። አባቴ ሁለቱንም አየ፣ እጁን ወደ አፉ ወሰደ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። «ሱብሐነላህ» አለ።

እማማ የእኛን ሳህን አነሡት። አገላብጠው አዩት። «ከየት አገኘኸው?»

«ሐራ፣ ከአንዲት አሮጊት።»

«ቀይ፣ ግንባሯ ላይ ጠባሳ ያላት?»

«እሳቸው ናቸው።»

«እኅቴ ናት። ስትዳር ይዛው የሄደችው ነው። ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመቷ።» ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «ሰጠችህ?»

አባቴ ውሸት አይችልም። «በብርጭቆ… ለወጥኳቸው» አለ።

«በብርጭቆ?» አሉ እማማ። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ እኔ ግን መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «በብርጭቆ። በጄ።» ከዚያ ሁለቱን ሳህኖች አንዱን ባንዱ ላይ ደርበው አነሡና ተነሡ። «ልጄ፣ ሁለቱን ለማገናኘት ሦስት ጊዜ ተመላለስክ። አላህ ምንዳህን ይክፈልህ። ልጆችህ ይባረኩ። እጅህ አይንጠፍ» እያሉ እየመረቁ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ። በሩም ተዘጋ።

ለካስ ሊመልስላቸው የመጣ መስሏቸዋል። ወይም እንደዚያ ለመምሰል መርጠዋል፤ እስከዛሬ አልለየሁትም። አባቴ «አሚን» ከማለት ሌላ አፉ አልታዘዘውም። ከሚመርቁ እናት እጅ ዕቃ ይነጠቃል? ጭድ ብቻ የያዘውን ሳፋ አቅፎ ወጣ።

ባጃጁ ውስጥ ቁጣዬ ሁሉ በአንዴ ወጣ። «እምቢ አትልም? ‘ይቅርታ እማማ፣ ሳህኑ የእኔ ነው’ ማለት ያቅታል? ስንት ፈረቃ ቀየርኩ!»

«መረቁኝ እኮ» አለ።

እናቴ ባዶውን ሳፋ አይታ በሣቅ መደብ ላይ ወደቀች። አባቴ ራት ሳይበላ ተኛ። ሳምንቱን ሙሉ ለማንም ስለ ቻይና አልተናገረም፤ እናቴ መጀመሪያ ደስ አላት፣ በኋላ ፈርታ ደወለችልኝ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ላከ። ለሳህን ሽማግሌ! ሦስት ነበሩ፤ ሁለት ሙስሊም፣ አንድ ክርስቲያን፣ ሦስቱም የተከበሩ፣ መሬትና ደም ሲያስታርቁ የኖሩ ሰዎች። ግራና ዋርካ ሥር ተቀምጠው ጠዋቱን ሙሉ ሰሙ። አባቴ ብርጭቆ ሰጥቼበታለሁ አለ። እማማ «የአባቴ ቤት ዕቃ ነው፣ ተለያይቶ ነበር፣ ተገናኘ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ጫታቸውን ይዘው ሲመክሩ ቆዩና ፍርድ ሰጡ፤ የእማማ ሳህን ከቤቱ አይወጣም፤ የሐራው ሳህን ስድስት ወር ግራና ከመንታው ጋር፣ ስድስት ወር መርሳ ከአባቴ ጋር ይኖራል።

«ማን ያመላልሰዋል?» ብለው ጠየቁ።

«ልጄ አለች» አለ አባቴ።

እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

ስድስት ወሩ ሲሞላ ልናመጣው ሄድን። እማማ ሁለቱንም አውጥተው ጎን ለጎን አስቀመጡ። «ይኸው፤ ያንተን ውሰድ» አሉት። አባቴ ሳያመነታ የቀኙን አነሣ።

«እሱ የእኔ ነው» አሉ እማማ።

«ኧረ እማማ! ሃያ ዓመት የኖርኩበትን ሳህን አጣዋለሁ?»

«ሰማንያ ዓመት የኖርኩበትን እኔ አጣዋለሁ?»

ገለበጡት። የሁለቱም ቂጥ ላይ ጽሑፍ የለም። አባቴ ቀጭ ቀጭ አድርጎ አዳመጠ፤ እማማም ከሱ አይተው ቀጭ ቀጭ አደረጉ። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ቆዩ። ማታ ፈረቃ ነበረብኝ፤ ወልድያ መድረስ ነበረብኝ። ትዕግሥቴ አለቀና ከቦርሳዬ የእጅ አጉሊ መነጽሬን አወጣሁ። ሥራ ላይ የምይዘው ነው። «ስጡኝ!» አልኩ፤ ሁለቱም መታዘዝ ባለመልመዳቸው ይመስለኛል ሰጡኝ።

በር ላይ ወጥቼ በፀሐይ አየኋቸው። የቀኙ ላይ ሰማያዊው ቀለም እኩል አይደለም፤ ብሩሽ ሲያርፍ ይጠቁራል፣ ሲነሣ ይሣሣል፤ የአንዱ ቅጠል ከሌላው ይለያል። የግራው ላይ ግን ሁሉም መስመር አንድ ነው፤ ቅጠሉ ሁሉ ተመሳሳይ፣ ጥላው በደቃቅ ነጥብ የተሞላ። ሐረጉን ተከትዬ ስዞር አንድ ቦታ ላይ አበባው መሐል ለመሐል ተቆርጦ፣ ቀጣዩ ግማሽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ጀመረ። ወረቀት ላይ ታትሞ የተለጠፈ ሥዕል ጫፍና ጫፉ ሳይገጥም ሲቀር እንደዚያ ይሆናል።

አባቴ ስለ አውሮፓ ፋብሪካዎች ያወራው ነገር ትዝ አለኝ። የቻይናው ስለተወደደባቸው አስመስለው እያተሙ ይሠሩ ነበር፣ በየወደቡም ይሸጡት ነበር ብሎ የነገረኝ እሱ ራሱ ነው።

«አንዱ በእጅ የተሣለ ነው፤ አንዱ የታተመ ነው» አልኳቸው። «የታተመው ቻይና አይደለም።»

«በእጅ የተሣለው የእኔ ነው!» አለ አባቴ ወዲያው።

«አባዬ፣ የእማማ ሳህን ከአባታቸው ቤት ጀምሮ ከዚህ አልወጣም፤ አንተ ግን…»

«ሲያጥቡት ተቀያይሮ ይሆናላ! ለአንድ ላልገጠመ መስመር ብለሽ ነው አባትሽን የምታዋርጂው? መነጽርሽ ደም ማያ ነው! አሰብ ላይ ያየሁትን አንቺ አላየሽም!» ፊቱ ቀላ። እኔም አፌን ከፍቼ ምን እንደምለው እየመረጥኩ ሳለ እማማ እጃቸውን አነሡ።

«ተዉ» አሉ። «ልጅቱ ልክ ናት። የታተመው ያንተ ነው። እኔ አውቀዋለሁ።»

ሁለታችንም ዞርን።

«ሁለት ነበሩ፣ የእውነቶቹ» አሉ። «ልጅ ሆኜ አንዱን ሰበርኩት። አባቴ ለማንም ሳይነግሩ ደሴ ወርደው የሚመስለውን ገዝተው መጡ። የምናውቅ እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን። እኅቴ ስትዳር አንዱን አስይዢያት አሉኝ። የትኛውን እንደማስይዛት አላሉኝም። ደህናውን አስቀርቼ ያንን አስያዝኳት።» ጨርቁን በጣታቸው እያጠፉ ቆዩ። «ዕድሜዋን ሙሉ የአባቴ ሳህን አለኝ ትል ነበር። ልነግራት እያልኩ፣ ነገ እያልኩ፣ ሞተች። ያንን ሳህን ሰው እንዳያየው ብዬ ነው እንጂ ከእጅህ የወሰድኩት ምኔ ነው?» ከዚያ ቀና ብለው አባቴን አዩት። «በብርጭቆ ለወጥኳቸው ስትለኝ ልቤ ምን አለ መሰለህ? የውሸት መሆኑን አውቃ ኖሮ ይሆን?»

አባቴ ተቀመጠ። ቁጣው እንዴት ከፊቱ እንደጠፋ አላውቅም። «አንቱ ያኔ ልጅ ነበሩ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ግን ሙሉ ሰው ሆኜ ነው በስድስት ብርጭቆ ያታለልኳቸው። ቻይና ነው ብዬ አምኜ እኮ ነው የወሰድኩት።»

እማማ የተሣለውን ሳህን፣ የእውነቱን፣ በሁለት እጃቸው ከእኔ ተቀብለው ወደሱ ገፉት። «ውሰደው። የእሷ ድርሻ ነበር፤ የሷን የያዝክ አንተ ነህ።»

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልገው የኖረው ነገር ጉልበቱ ሥር ተቀመጠ። አነሣው። ዳሩን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። መልሶ አስቀመጠው። «ዱዓ የሚደረግበትን ሳህን እኔ መደርደሪያ ላይ ላቆመው? አልወስድም። ሁለቱም እዚሁ ይሁኑ። አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። እማማ አነቡ። እኔም፣ ይህን ለመናገር ደስ ባይለኝም፣ አባቴን በጣም ወደድኩት።

ውዴታው መርሳ እስክንደርስ እንኳ አልቆየም። ባጃጁ ገና ከግራና ሳይወጣ «መውሰድ ነበረብኝ እንዴ?» አለኝ። የለም፣ ደህና አድርገሃል አልኩት። ድልድዩ ጋ «ሴትዮዋ ከልባቸው ነበር የሰጡኝ አይደል?» አለ። አዎ አልኩት። «ምርቃት ይመለሳል፣ ስጦታ ግን አይመለስም ይባላል» አለ። እንዲህ የሚል ተረት የለም አልኩት። መርሳ እስክንገባ ከአሥር ጊዜ በላይ ጠየቀኝ፤ በመጨረሻ ሾፌሩ ዞሮ «አባት፣ ልመልስዎት?» አለው። ፈረቃዬ ላይ አርፍጄ ገባሁ።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ እማማ ቤት ይሄዳል። ብቻውን ይሄዳል፤ አላህ ይመስገን። ብርዝ ጠጥቶ፣ ሳህኑን አይቶ፣ ተመርቆ ይመለሳል። እኔ ግን አላረፍኩም። ባንዱ ሳህን ከተሸነፈ በኋላ ሌሎቹ ላይ ያለው እምነት ተናጋበትና «መነጽርሽን ይዘሽ ነይ» ማለት ጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍሌ ውስጥ፣ የድሮ ክፍሌ ማለቴ ነው፣ በመስኮቱ ብርሃን አንድ በአንድ እናያለን። እያንዳንዱ ሳህን ጠብ አለው። የታተመ ነው ስለው መነጽሬን ያጣጥላል፤ በእጅ የተሣለ ነው ስለው መነጽሬን ያመሰግናል። እስካሁን ካየናቸው ውስጥ የእውነት ያረጁ ሆነው የተገኙት ሦስት ናቸው፤ አንዱ እሱ ራሱ ንቆት መሬት ላይ ያስቀመጠው ጠርዙ የተሸረፈ ትንሽ ሲኒ ነው። ይህን ስነግረው ደስታው ለአንድ ሳምንት በቃው።

በመነጽሬ ፈተና የወደቁት ወደ እናቴ ይተላለፋሉ። ስምምነቱ የእሷ ነው፤ ድስቶቿ ከተዘረፉ ጀምሮ በተውሶ ዕቃ ስትሠራ ቆይታለች። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ትልቅ ዝርግ ሳህን ወደቀ፤ ነጥቦቹ ያለ መነጽርም ይታዩ ነበር። አባቴ አልቀበልም አለ። ሁለት ሰዓት ተከራከርን። ቻይናዎችም አንዳንዴ ነጥብ ይጠቀማሉ አለ፣ የመናዊውን ምስክር ጠራ፣ ፀሐዩ ትክክል አይደለም አለ፣ ሌላ መነጽር ይምጣ አለ። በመጨረሻ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ሊያሳየኝ ክፍሉን ትቶ ወጣ። ሲመለስ ሳህኑ ቦታው ላይ የለም። እናቴ ጓዳ ገብታ ሽንኩርት ከትፋበት ነበር።